የምክትሉ መርዶ

ግራጫዋ ካምሪ የቻምብሊን ባቡር ጣቢያ አልፋ ወደ ግራ ስትታጠፍ፣ አቶ ገሠሠ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ በልቡ ንግግር እያረቀቀ ነበር። «የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ዛሬ ታላቁን መሪያችንን…» ድረስ ደርሷል። «ታላቁን» የምትለውን ቃል ላስገባት ወይስ ልተዋት እያለ ሲያመነታ ቀይ መብራት ከመጣስ ለጥቂት ተረፈ።

«ኧረ ሰውዬ!» አለችው ከጎኑ የተቀመጠችው ባለቤቱ ዘሪቱ። «ለዛሬ አንድ ሞት ይበቃናል።»

ከኋላ ቀሲስ ቃለአብ መስቀላቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዳዊት ይደግማሉ። ሦስቱም የሚሄዱት ወደ ሻምበል ኃይለመስቀል ቤት ነው። ሻምበል የእድሩ ሊቀመንበር ነው፤ ገሠሠ ደግሞ ምክትሉ። የሻምበል ሚስት ሐረገወይን የባሏን ማረፍ ገና አልሰማችም፤ ሊያረዷት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል ሆኗል። መርዶ በንጋት መነገር እንዳለበት ገሠሠ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ነገር ግን አትላንታ ላይ ንጋት የሚጠብቅ መርዶ ነጋሪ በፌስቡክ ይቀደማል። በሃያ ስድስት ዓመት የምክትልነት ዘመኑ አርባ አንድ ቤት አርድቷል፤ አንድም ቀን አልተቀደመም። በዚህ በልቡ ይኮራ ነበር።

አርባ ሁለተኛውም እንደ ወጉ ተሰናድቷል። ቄስ አለ፤ ደግፋ የምትይዝ ሴት አለች፤ ሐረገወይን እህል መቅመሷም በጎረቤት በኩል ተጠይቆ ታውቋል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሻምበል ኃይለመስቀል አልሞተም።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ሰዓት ከሩብ በፊት፣ ቡፈርድ ሀይዌይ ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ጓሮ ነው። የመደብሯ ባለቤት ለፈቀደለት ጠባብ ክፍል ገሠሠ አመስጋኝ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በበርበሬ ጆንያዎች መሀል፣ የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ለሚወስዱ ወገኖቹ ታሪክ ያስተምራል። በሀገሩ የታሪክ መምህር ነበር። አትላንታ ከመጣ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኤርፖርት መንገደኞችን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል በአውቶቡስ ሲያመላልስ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ታሪክ ግን አልለቀቀውም። በተለይ አንድ ነገር ይዞታል፤ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንቶች። ስለ ፕሬዚዳንቶቹ ከጠየቁት በአጭሩ ይመልሳል፤ ስለ ምክትሎቹ ግን ሳይጠየቅ ይጀምርና ለምሳ ሰዓት አይተርፍለትም። ዘሪቱ፣ «ባሌ ሌላ ሴት ቢይዝ አንዷን አባርር ነበር፤ ይሄ ሁሉ የሞተ ምክትል ቤቴን ሞልቶት ማንን ላባርር?» ትላለች።

በዚያ ቅዳሜ የተማሪዎቹ ቁጥር አምስት ነበር። ከመካከላቸው ወይዘሮ ሙሉአለም፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ የሚያጥቡት የስድሳ አራት ዓመት ሴት፣ የፈተናውን ጥያቄዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘዋል።

«ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መቀጠል ካልቻለ ማን ይተካዋል?» አለ ገሠሠ።

«ምክትል ፕሬዚዳንቱ» አሉ ወይዘሮ ሙሉአለም። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ግን መምህር፣ ፕሬዚዳንቱ ጤነኛ ከሆነስ? ያኔ ምክትሉ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ።

ገሠሠ መነጽሩን አወለቀ። ይህን ጥያቄ ሰው እንዲጠይቀው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው።

«ይጠብቃል» አለ። «የመጀመሪያው ምክትል አዳምስ፣ የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ከንቱ ሹመት ፈጥሮ አያውቅም ብሎ ለሚስቱ ጽፏል። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ግን እኩል ለእኩል ሲሆን ብቻ ነው። ከሱ በኋላ የመጡትም መቶ ዓመት፣ መቶ ሃምሳ ዓመት እንዲሁ ሲያዛጉ ኖሩ። ታይለር የሚባለው አለላችሁ፤ አለቃው በተሾመ በወሩ ሞተበትና ወንበሩ ላይ ወጣ። ሰዉ ግን ‹ተጠባባቂ› እያለ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ታይለር ምን አደረገ? ‹ተጠባባቂ› የሚል የተጻፈበትን ፖስታ ሳይከፍት መለሰው!»

«ጎበዝ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉአለም።

«ትሩማን ደግሞ አለ። ምክትል ከሆነ ሦስት ወር አልሞላውም። አለቃው ሁለት ጊዜ እንኳ በቅጡ አላወያየውም። ያ ሁሉ አገር የሚያጠፋ ቦምብ እየተሠራ ለሱ ትንፍሽ ያለለት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ከምክር ቤቱ እንደወጣ ስልክ ተደወለለት፤ ‹ቶሎ ና፣ ድምፅ ሳታሰማ ና› ተባለ። ለምን እንደሆነ አልተነገረውም። ቤተ መንግሥት ሲደርስ የፕሬዚዳንቱ ሚስት እጇን ትከሻው ላይ አኖረችና…»

ስልኩ ጮኸ። ኤልዳና ናት፣ የሻምበል ኃይለመስቀል አንድያ ልጅ። ሚድታውን ውስጥ ጠበቃ ናት፤ ገሠሠ ክርስትናዋ ላይ ጠላ አድሎ፣ ምርቃቷ ላይ አልቅሶ ያሳደጋት ልጅ ናት።

«ጋሽ ገሠሠ፣ ሆስፒታል ነን፤ ሳንዲ ስፕሪንግስ። አባዬ በጣም ደክሞታል። አንተን ማየት ይፈልጋል፣ ላይክ፣ አሁኑኑ። ፕሊስ ቶሎ ና። ለእማዬ እንዳትነግራት፣ ፓኒክ ታደርጋለች። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ሰው የሞት ወሬ በስልክ እንደማይናገር ገሠሠ ያውቃል። «ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ድረስ» ይባላል፤ የቀረውን ሰሚው በልቡ ይጨርሰዋል። «ሞተ ወይ?» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። እሱ ራሱ አርባ አንድ ጊዜ እንዲህ እያለ ዘመድ ጠርቷል። ስለዚህ አልጠየቀም። ኤልዳና ግን ያደገችው እዚህ ነው፤ ደክሞታል ካለች ደክሞታል ማለቷ ነበር፤ ሊያይህ ይፈልጋል ካለችም ሊያየው እየፈለገ ነበር።

«እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አላት።

«ታንክ ዩ ጋሼ» ብላ ስልኩን ዘጋች። እግዜር ያጽናሽ ለማን እንደሚባል ማን ነግሯት!

ገሠሠ ስልኩን ይዞ ጆንያዎቹ መሀል ቆመ። መጀመሪያ የመጣበት ሐዘን ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ። መጀመሪያ የመጣበት፣ ከእንባው የቀደመው፣ «ደረሰ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ወዲያው አፈረባት። ሐዘኑም ተከትሏት መጣ፤ ወይዘሮ ሙሉአለም ውሃ አቀበሉት። ግን ቀድማ መጥታለች፤ ያንን እሱም ያውቃል፣ እግዜርም ያውቃል።

ሁለቱ ሰዎች ድንበር አብረው ያቋረጡ፣ ገዳሪፍ መጠለያ አንድ ድንኳን ውስጥ ሦስት ዓመት ያደሩ ናቸው። እድሩ በ1991 ዓ.ም. ሲመሠረት ሻምበል ሊቀመንበር፣ ገሠሠ ምክትል ሆነው ተመረጡ። ማን ከላይ ማን ከታች እንደሚሆን ያኔ የተጨነቀ አልነበረም። ሻምበል ግን ወታደር ነው፤ ማዘዝ ይችልበታል፣ ማካፈል አይሆንለትም። ስብሰባ ይመራል፣ ከቀብር ቤቱ ጋር ይነጋገራል፣ ሬሳ ወደ ሀገር ቤት ይልካል። ለምክትሉ የተወለት አንድ ሥራ መርዶ ነው። እሱን ሻምበል አይችለውም ነበር፤ ሴት ስታለቅስ ካየ እሱም ይነፋረቃል።

ከሦስት ዓመት በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ገሠሠ ተነሥቶ፣ ለምክትሉ የተለየ የሥራ ድርሻ በደንቡ ይጻፍለት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ማስረጃም ጠቀሰ። «የኛው የጆርጂያ ሰው ካርተር» አለ፣ «ለምክትሉ ለሞንዴል ከራሱ ቢሮ ብዙም ሳይርቅ ቢሮ ሰጠው። በሳምንት አንድ ቀን ምሳ አብረው እየበሉ ያማክረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የአሜሪካ ምክትል ሰው የሆነው።»

«ገሠሠ፣ ያማረህ ምሳ ከሆነ እኔ አበላሃለሁ» አለው ሻምበል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሻምበል ሳቁ ደስ አለውና ጨመረበት፤ «ምክትል ማለት እኔ ስወድቅ የሚነሣ ነው። እስከዚያው ዐርፈህ ተቀመጥ!»

ገሠሠ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቃለ ጉባኤ በቀር በሁለቱ መካከል የተጻፈም የተነገረም ነገር የለም። በዓል ሲሆን ሐረገወይን ትደውላለች፤ ዘሪቱ ታነሣለች፤ ወንዶቹ ግን እንደተኮራረፉ ቀሩ። ገሠሠም አንድ ልማድ አወጣ። ሻምበል ስብሰባ ላይ ሲያስል ቀና ብሎ ያየዋል።

ሐረገወይን በሩን የከፈተችው ካውያ እንደያዘች ነው። ሰኞ ይወጣል ተብላለች፤ ከሆስፒታል ሲወጣ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። መጀመሪያ ያየችው ገሠሠን ነው። ፊቷ ፈካ። ቀጥሎ ዘሪቱን አየች፤ ከዚያ ከኋላቸው ቀሲስ ቃለአብን።

«ምነው?» አለች። «ምነው ገሠሠ፣ ቄስ ይዘህ?»

«ሐረገወይን፣ የሁላችንም መንገድ ነው…»

ከዚህ በላይ ማለት አላስፈለገውም። አስፈልጎት አያውቅምም። ዘሪቱ ካውያውን ከእጇ ቀማቻት፤ ሐረገወይን ወለሉ ላይ ተዘረጋች። «አንድዬ! ጋሻዬ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ቀሲስ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው ይጸልያሉ። አንዲት ቻይናዊት ጎረቤት አጥሩ ላይ ተንጠራርታ አየች፤ ወዲያውኑም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ገሠሠ እንደ ልማዱ ወደ ወጥ ቤቱ ገለል አለ። የእድሩን የቴሌግራም ገጽ ከፈተ። ሦስት መቶ አርባ አባላት አሉ። «ሻምበል ኃይለመስቀል ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን» ብሎ ጻፈ። ከስሩ ስሙን አሰፈረ፤ ከስሙ ቀጥሎ «ምክትል ሊቀመንበር» አለ። አየው። «ምክትል» የምትለዋን ሰረዛት። መለሳት። ፖስታውን ሳይከፍት የመለሰው ታይለር ትዝ አለው። እንደገና ሰረዛትና ላከው።

አራት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ኤልዳና ደወለች።

«ጋሽ ገሠሠ፣ የት ደረስክ? ትራፊክ ነው እንዴ? አባዬ አሥር ጊዜ ጠየቀኝ እኮ!»

«ማነው የጠየቀሽ?»

«አባዬ ነዋ!»

ገሠሠ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ቆመ። ከሳሎን የሐረገወይን ለቅሶ እየጎላ መጣ።

«ያ የማን ድምፅ ነው?» አለች ኤልዳና። «እማዬ ናት? ኦ ማይ ጋድ። ጋሽ ገሠሠ፣ ምንድነው ያደረግከው?»

እዚችው አትላንታ ውስጥ፣ በ1919 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ማርሻል አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ታሞ የተኛው ፕሬዚዳንት ዊልሰን ሞተ የሚል ወሬ በስልክ መጥቶለት ነበር። ማርሻል ደነገጠ፤ ለሕዝቡ አረዳ፤ ንግግሩን አቋርጦ ጸሎት ጠየቀ፤ ኦርጋን ተመታ፤ ሰው ተላቀሰ። በኋላ ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ገሠሠ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቹ ስንት ጊዜ አውርቶላቸዋል! «አያችሁ፣ ሳያጣራ!» እያለ ስንት ጊዜ ስቆበታል! ማርሻልን ግን ሌላ ሰው አታሎት ነው። ገሠሠን ያታለለው የለም። የልቡን ሰምቶ ነው።

ወደ ሳሎን ተመለሰና ሐረገወይን አጠገብ ተንበረከከ። የሞትን ወሬ እንዴት እንደሚናገሩት ያውቃል፤ የሕይወትን ግን ማንም አላስተማረውም። «አለ» አላት። «ሐረጌ፣ በሕይወት አለ። ተሳስቼ ነው። ተነሺ፣ እየጠራን ነው።»

መጀመሪያ አልሰማችውም። ሲደጋግምላት ተነሥታ ባዶ እግሯን ወደ መኪናው ሄደች፤ ጫማዋን ዘሪቱ ይዛላት ሮጠች።

ሁለት ሰማንያ አምስት የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ቅዳሜ ነው፤ መንገድ ይሠራሉ፤ ከአምስቱ መስመር ሁለቱን ዘግተዋል። ገሠሠ ኤልዳና መጀመሪያ በደወለችለት ጊዜ ቢወጣ ኖሮ መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነበር። አሁን ግን ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ተገትሮ የፍሬኑን መብራት ያያል። ሐረገወይን ከጎኑ ተቀምጣለች። እንባዋ ደርቋል።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ደጄን አልረገጥክም» አለችው ድንገት፣ ፊቷን ሳትመልስ። «በሩን ስከፍት አየሁህና ደስ አለኝ እኮ። ልትታረቀው የመጣህ መስሎኝ። ቄሱንም ለእርቁ ነው ያመጣቸው ብዬ ነበር፣ ለአንድ አፍታ።»

ብትሰድበው በቀለለው።

ኤልዳና ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። እናቷን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባቻትና ተመልሳ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የፍርድ ቤት ድምፅ ነው።

«ሳንባው ውሃ ሞልቶት ነበር» አለችው። «ዶክተሮቹ ከጠዋት ጀምሮ ቱቦ ካላስገባን እያሉት ነው። ቱቦው ከገባ ማውራት አይችልም፣ ያስተኙታል፤ ሊነቃም ላይነቃም ይችላል። እሱ ግን ሪፊውዝ አደረገ። ‹ገሠሠ ይምጣ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ› አለ። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጋሽ ገሠሠ! አየር እያጠረው። እኔ ‹አይመጣም ይሆናል አባዬ፣ ተጣልታችኋል› ስለው፣ ‹ገሠሠ ተጠርቶ ቀርቶ አያውቅም› አለኝ።»

«አሁንስ?»

«ልክ ሁለተኛ ስደውልልህ ራሱን ሳተ። አስገቡለት። ተኝቷል።»

«ምን ሊለኝ ነበር?»

«ለኔ አልነገረኝም። ‹ለሱ ነው የምነግረው› አለ።»

ሊገባ ሲል ከታች ጫጫታ ሰማ። ቴሌግራሙ ሥራውን ሠርቷል። ሎቢው በጥቁር ነጠላ ተሞልቷል፤ ስልሳ ሰው ይሆናል። ገሚሱ ሙሾ ያወርዳል፤ ገሚሱ የሆስፒታሉን ዘበኛ በምልክት ለማስረዳት ይሞክራል። ዘበኛው እጁን ዘርግቶ በትሕትና ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል። ገሠሠ ደረጃው ላይ ቆመ። ንግግር እስካሁን ድረስ አምሮት ነበር፤ ሕዝብም ተሰብስቦለታል።

«አልሞተም» አለ። ሙሾው ዋጠው። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ ሻምበል አልሞተም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳላጣራ ነው» አላቸው።

ወይዘሮ ሙሉአለም ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። «ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተከተሏት፤ ዘበኛው ይባስ ግራ ገባው። ከበሩ አጠገብ የቆመ አንድ ጎልማሳ ግን እልል አላለም። ስልኩን ወደ ገሠሠ ከፍ አድርጎ፣ «አቶ ገሠሠ» አለ፣ «እዚህ ላይ ከስምህ ቀጥሎ ‹ሊቀመንበር› ብቻ ነው ያለው። ምክትል የምትለዋ የት ሄደች?»

እልልታው ቀስ በቀስ ቆመ። ገሠሠ እግሩን ተመለከተ። በገዛ ወገኑ ፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ሰውየውም ደግሞ አልጠየቀውም። ጥያቄውን ሁሉም ሰምቶታል።

ሻምበል እሑድም አልነቃም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ ቤተሰቡን አንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች። ኩላሊቱ ቆሟል፤ አንጎሉ ላይ ደም ፈስሷል። መሣሪያው እየተነፈሰለት ነው እንጂ ተመልሶ አይነሣም። መሣሪያው ይቀጥል ወይስ ይነቀል የሚለውን የሚወስን ሰው እንዳለ ጠየቀች። ኤልዳና ለእናቷ ተረጎመችላት።

ሐረገወይን ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ባሌን ቅዳሜ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከዚያ ተነሣ አላችሁኝ። ሁለተኛ ልቅበረው? በፊርማ ልግደለው? አልችልም። የፈለገ ያድርገው።» ተነሥታ ወጣች። ቅዳሜ እሱ ያን በር ባያንኳኳባት ኖሮ ትችለው ነበር ይሆናል። ገሠሠ ይህን ከማንም ሳይሰማ ዐወቀው።

ኤልዳና ከቦርሳዋ አንድ ፎልደር አወጣች። «በመጋቢት ነው ያስሞላሁት» አለች። «ሰው ራሱን ችሎ መወሰን ሲያቅተው ማን ይወስንለት የሚል ፎርም ነው። አንደኛ እማዬ ናት። እሷ ካልቻለች ደግሞ…» ወረቀቱን ወደ ገሠሠ አዞረችው። በሁለተኛው መስመር ላይ፣ በሻምበል በዚያ በተጋደመ የወታደር ጽሕፈት፣ የገሠሠ ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ተጽፏል።

«ተኮራርፈን እያለ?» አለ ገሠሠ።

«እኔም ጠየቅኩት። እኔ ልሁን አባዬ ስለው፣ ‹ልጅ አባቷን በፊርማ አትሸኝም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚችለው ገሠሠ ነው› አለኝ። ከዚህ በታች ያለውን ገጽ ተመልከት።»

ቀጣዩ ገጽ በሽተኛው ምን እንዲደረግለት እንደሚሻ የሚጠይቅ ነው። በመሣሪያ ይቆይ? አይቆይ? ሣጥኖቹ ሁሉ ባዶ ናቸው።

«ይሄን ለምን አልሞላም?»

«‹ይሄንን ለገሠሠ በአፌ እነግረዋለሁ› አለ። ቅዳሜ የጠራህ ለዚህ ነው፣ ጋሽ ገሠሠ። አሁን ነው የገባኝ።»

ገሠሠ ጥቂት እንዲታገሡት ጠየቀና ሻምበል አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። መሣሪያው የሻምበልን ደረት ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ያደርጋል። ምን ትል ነበር? እያለ ፊቱን አየው። ከገዳሪፍ በፊት፣ በረሃው መሀል ገሠሠን ወባ ጥሎት፣ ትተኸኝ ሂድ ብሎ ለምኖት ነበር፤ ሻምበል ሁለት ቀን ሙሉ በጀርባው ተሸክሞት ሄደ። ይህ ሰው ሸክም ሆኖ መቆየት ይወዳል? አይወድም። ጫማውን እንኳ ሰው ሲያስርለት አይወድም። ግን ደግሞ ይህ ሰው ጓደኛውን ጥሎ አልሄደም። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ነው መልሱ? ሰውየው ራሱ ሊነግረው አንድ ሰዓት ተኩል አፉን ከፍቶ ጠብቆታል። ያንን አንድ ሰዓት ተኩል ገሠሠ ምን ሲሠራበት ዋለ? ቄስ ሲያፈላልግ፣ ንግግር ሲያሳምር፣ ከስሙ ላይ አንዲት ቃል ሲሰርዝ።

«ማረኝ ኃይሌ» አለው። እያለቀሰ ነበር፤ መርዶ ነጋሪ ቀድሞ አያለቅስም የሚለውን ወግ ረስቶታል።

አመሻሽ ላይ ነርሷ መሣሪያው ይነቀል የሚለውን ወረቀት በሰሌዳ ላይ አድርጋ አመጣችለት። ሃያ ስድስት ዓመት እድሩ ውስጥ ብዙ ወረቀት ፈርሟል፤ ሁልጊዜ ግን ከላይ የሻምበል ፊርማ አለ፤ የሱ ከስር ይመጣል። ሻምበል የፈረመበትን አይቶ፣ ነገሩ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ይፈርም ነበር። እጁ በልማዱ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ። ነርሷ ጣቷን ከላይ አኖረችለት። ከዚያ በላይ መስመር አልነበረም።

ፈረመ። እስክሪብቶውን መለሰላት። ኤልዳና እናቷን ልትጠራ ወጣች። ነርሷም ለጥቂት ደቂቃ ብቻችሁን ልተዋችሁ ብላ መጋረጃውን ሳበች።

ገሠሠ ወደ ሻምበል ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ፈርሜያለሁ ኃይሌ» አለው። «ሳልጠይቅህ ነው የፈረምኩት። ምናለ አሁን ተነሥተህ ብትቆጣኝ?»